የቂም ካብ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ቋ። ከዚያ ዝም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ቋ። ድንጋይ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ። ጉሙ ገና ከጥዶቹ እግር ሥር አልተነሣምና ለፈላስፋው ከአምስት እርምጃ ወዲያ የሚታየው ነገር አልነበረም።

“ደግሞ መጡ” አለ በሆዱ። ባለፈው ወር አንድ ጎብኚ ለአበባ መደቤ ያምርልኛል ብሎ ከፓርኩ አሮጌ የድንጋይ ካብ ላይ ሦስት ድንጋይ ፈንቅሎ፣ በመኪናው ጭኖ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተይዟል።

“ማነህ! የፓርኩ ንብረት አይነካም!” እያለ ድምፁ ወደመጣበት ሮጠ።

ፈላስፋው እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የፓርኩ ሠራተኞች የለጠፉበት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ በዚህ የመንግሥት ደን ፓርክ በአስጎብኚነት ከተቀጠረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ምሳውን ይዞ ጫካ ገብቶ ግንድ ላይ ብቻውን የሚበላ፣ ሲጠሩት በሦስተኛው “እ?” የሚል ወጣት ነው። ሥራው መናገር ይሁን እንጂ፣ ከሥራ ውጪ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል ይሉታል።

ጉሙን ቀዶ ሲደርስ ያገኘው ሌባ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ናቸው። ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል፣ የወንድ ጫማ ተጫምተዋል፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። ከካቡ ሥር ተንበርክከው የወደቁትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ።

“እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ወድቆ አገኘሁት፤ መለስኩት።”

“አይፈቀድም እኮ። ቅርስ ነው።”

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። “የማይፈቀደው መጣሉ ነው መመለሱ?”

መልሱን ሳይጠብቁ ሁለት ጡጫ የምታህል፣ ወገቧን ነጭ መስመር የዞራት ድንጋይ አነሡና አፈሯን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት። ከዚያ ከካቡ ግርጌ ካለች አንዲት ቀዳዳ ውስጥ ሲያስገቧት፣ ቁልፍ ጓጉንቸሩን እንዳገኘ ሁሉ ልክክ ብላ ገባች።

“ከእርሻ ባዶ እጅ አይገባም” አሉ፣ ለድንጋይዋ ይሁን ለእሱ ሳይለይ።

“ተረት ነው?”

“አይ። ሕግ ነው።” ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። “አንተስ፣ ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“አስጎብኚ ነኝ። የዚህን ካብ ታሪክ ለሰው የምናገረው እኔ ነኝ።”

“ታውቀዋለህ?”

“እንደ እጄ መዳፍ።”

“እንግዲያው እሰማለሁ” አሉና ከኋላው ተከተሉት።

ይህ ጫካ ያታልላል። የገባበት ሁሉ ከኖኅ ውኃ ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ከዛፎቹ መሀል ግን የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ የሚሞላው የለም። ከስድሳ ዓመት በፊት ይህ ሁሉ እርሻ ነበር፤ አሥራ አንድ ቤተሰብ ያርስበት ነበር። ከታች ያለችው ከተማ ውኃ ሲያጥራት ምንጮቹ ይጠበቁ ተባለና ሰዎቹ ተነሡ። መሬቱ ላይ ጥድ ተተከለበት፣ በመስመር በመስመር፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። ቀስ በቀስ ወፎች የወይራና የዝግባ ፍሬ ከየትም እየለቀሙ፣ ጥድ ላይ እያረፉ፣ ከሥሩ እየጣሉ ሰልፉን በጠበጡት። ዛሬ መስመሩን ለይቶ የሚያይ ፈላስፋው ብቻ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ሲዞር ሲዞር አይቶ ነው ያወቀው። ጥድ መሀል ብቸኛ የኮክ ዛፍ ካየ፣ እዚያ ጋ ቤት ነበረ ይላል፤ ቆፈር ቆፈር ሲያደርግ የመሠረቱን ድንጋይ ያገኘዋል። ሁለት ዛፍ የሚያህል ስፋት ይዞ የጎደጎደ መሬት ካየ፣ የጋሪ መንገድ ነበር ይላል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ዛሬም በዚያው ነው የሚሄደው።

ስለ ካቡ ግን የሚያውቀው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው አሮጌ ማኅደር “የድንጋይ ካብ፤ ርዝመት አራት መቶ ሜትር፤ ጥቅሙ ያልታወቀ” ይላል። በቃ።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነበር የሚናገረው። ጥቅሙ ያልታወቀ ሲል ሰዎቹ ያዛጋሉ፣ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ሽንት ቤት የት ነው ይላሉ። አንድ ቀን ለመምህራን ቡድን እያስጎበኘ ሳለ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ “ምናልባት ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ይሆናል” አለ። ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ አጥንቱ ሞቀው። እስከዚያ ቀን ሰው ስቆበት እንጂ አብሮት ስቆ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቡድን “ምናልባት” ቀረች። በሁለተኛው ዓመት አህያ ተጨመረ። በሦስተኛው ዓመት የታናሽየው ነገረኛ ሚስት መጣች፤ ከእሷ ወዲያ የሚያዛጋ ሰው ጠፋ።

የፓርኩ ኃላፊ አንድ ቀን ከቡድን ኋላ ቆሞ ሰማው። “አንተ ፈላስፋ! ይህን ወርቅ ታሪክ ይዘህ ነው ዝም ያልከው? ጻፈው!” አለ። ጻፈው። ጽሑፉ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀረጸ፤ ሰሌዳው ከካቡ ራስጌ ተተክሎ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የዛሬዋን የምረቃ ቀን ሲጠብቅ ከረመ። ኃላፊው በሚቀጥለው ወር ኮንትራቱ ሲያልቅ ቋሚ እንደሚያደርገውም ቃል ገብቶለታል።

በዚያን ዕለት ጠዋት የመጡት ጎብኚዎች ሃያ ይሆናሉ። ፈላስፋው ከካቡ ሥር ካለች አንዲት የኮክ ዛፍ አጠገብ አቆማቸውና ጉሮሮውን ጠራረገ። አሮጊቷ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል።

“ይህቺን የኮክ ዛፍ አያችኋት? እዚህ ጋ ቤት ነበረ። የታናሽየው ቤት። የታላቅየው ደግሞ ከካቡ ማዶ። አንድ ቀን የታላቅየው አህያ ወደ ታናሽየው ማሳ ትገባለች። አህያ ናት፣ ድንበር አታውቅ! ነገሩ በአንድ ዱላ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ታናሽየው ሚስት ነበረችው። ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ከእንቅልፉ የሚነሣ! ጠዋት ማዶ ትሻገርና ‘ባሌ ሌባ ብሎሃል’ ትላለች፤ ማታ ትመለስና ‘ወንድምህ ዲቃላ ብሎሃል’ ትላለች። በመጨረሻ ታላቅየው ፊታችሁን አያሳየኝ ብሎ ካብ መካብ ጀመረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሃያ ዓመት! እዚህ ግርጌውን እዩት፤ ድንጋዩ ትንንሽ ነው። ለምን? ጉልበቱ አልቆ ጠጠር መደርደር ጀምሮ ነበራ!”

ሳቁ። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረገ። “ሰማሽ? ምላስ ይህን ሁሉ ድንጋይ ታስክባለች።”

“አንተ ደግሞ አህያው ነህ” አለችው። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

ፈላስፋው ሳቁ ሳይበርድ ሊቀጥል ሲል ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

“የኔ ልጅ፣ ሴትዮዋ ማን ትባል ነበር?”

“ስሟን እንኳ ታሪክ አልያዘላትም፣ እማማ። የያዘላት ምላሷን ብቻ ነው።”

ከሁሉ የበለጠ የተሳቀው በዚህች ነው።

“ከማን ሰማኸው?” አሉ አሮጊቷ፣ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው።

“ከአገሩ ሽማግሌዎች።”

“ከየትኞቹ?”

“አሁን… ሞተዋል።”

“አዎ” አሉ ራሳቸውን ነቅንቀው። “ሞተዋል።”

ጉብኝቱ ሲያልቅ ፈላስፋው በር ላይ ወዳለችው የቲኬት መቁረጫ ክፍል ሄደ። እዚያ የምትሠራው ቲኬት ቆራጯ ናት፤ ከፓርኩ ሠራተኞች ሁሉ ጉጠት ሳትይዝ ከእሱ ጋር የምታወራ እሷ ብቻ ናት። መስኮቷን ከፍታ ጮኸችበት።

“እንግዳዋን አየሃቸው?”

“የቷን እንግዳ?”

“ሰሌዳውን የሚገልጡትን! ጥቁር ሹራብ የለበሱትን። ኃላፊው ማኅደር አገላብጦ፣ ደብዳቤ ጽፎ በስንት ፍለጋ ያገኛቸው ናቸው እኮ። ለሁላችንም ድንገተኛ ይሁን ብሎ ደብቆ ነው እንጂ። በጠዋት መጡና ‘የተወለድኩበት ግቢ ነው፤ ለመግባት ልክፈል?’ አሉኝ። አፈርኩ።”

ፈላስፋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። “የት ቤት ነው የተወለዱት?”

“ከካቡ ሥር፣ ኮክ ዛፉ ካለበት።”

“አባታቸው… ወንድም ነበራቸው?”

“ምን ወንድም! አባትየው አንድ ለእናቱ ነበሩ አሉ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ሞተዋል። አራት ልጅ ያ ሁሉ ድንጋይ በሞላበት እርሻ ያሳደገቻቸው እናትየዋ ብቻዋን ናት። ዛሬ ከአራቱ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ምነው? ፊትህ ደም መሰለ እኮ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነገሩ ሁሉ ጠዋት ከሰማት አንዲት ቃል ጋር ገጠመ። ከእርሻ ባዶ እጅ አይገባም። ሕግ ነው። ማሳው በየዓመቱ ድንጋይ ይተፋል፤ ማታ ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣል፤ ትልቁ ትልቅ፣ ሕፃኑ ደግሞ የአቅሙን። እነዚያ ከጉልበት በታች የተደረደሩት ትንንሽ ድንጋዮች የደከመ ሽማግሌ ሥራ አልነበሩም። ይበልጥ ያንገበገበው ደግሞ፣ ይህን አንድ ጊዜ አስቦት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ምሳውን እየበላ ግርጌውን አይቶ፣ ይህማ የልጅ እጅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። ግን አያስቅም። ስለዚህ ተወው።

“ፈጥሬው ነው” አለ።

“ምኑን?”

“ሁሉንም። ወንድሞቹን። አህያዋን። ሴትዮዋን።”

ቲኬት ቆራጯ አፏን በእጇ ያዘች። “አንተ! በብረት ተቀርጾ?”

“በብረት።”

“ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሂድ ለኃላፊው ንገረው!”

“ኮንትራቴ…”

“ወግድ! ምላስህ ለጎብኚ ሲሆን ይጋልባል፣ ለኃላፊ ሲሆን ያነክሳል። ሂድ ነው የምልህ!”

ሄደ። ኃላፊው ካቡ ዘንድ ወንበር ያስደረድር ነበር። ፈላስፋው ከጎኑ ቆሞ “ጋሼ፣ ስለ ታሪኩ አንድ ነገር…” ሲል፣ ኃላፊው ትከሻውን አቅፎ “አውቃለሁ፣ ፈርተሃል፤ ሁሉም ደራሲ የመጀመሪያ ቀን ይፈራል። ባይሆን ያን ወንበር አምጣ” አለው። ፈላስፋው ወንበሩን አመጣ። ሁለተኛም አመጣ። ሁሉንም ወንበሮች አመጣ፤ ቢበዙለት ደስ ባለው ነበር። ሊያመጣው የሚችል ወንበር ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሱ ግን ከአፍም አልፎ በብረት ላይ ሰፍሯል፣ ምን አደርጋለሁ እያለ ራሱን ሸነገለ።

ኃላፊው ስለ ምንጮቹ፣ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ፓርኩ ዓመታዊ ዕቅድ ተናገረ። ቀጥሎም “አሁን የዚህ ምድር ልጅ የሆኑት እናታችን ሰሌዳውን ይግለጡልን” አለ። ከጎብኚዎቹ ብዙዎቹ አልሄዱም ነበርና ቦርጫሙ ሰውዬም፣ ሚስቱም አጨበጨቡ። ከዚያ ሚስትየዋ አሮጊቷን ስታያቸው እጇ በአየር ላይ ቀረ፤ ባሏን አየችው። ባልየው ጫማውን ማየት ጀመረ።

አሮጊቷ ጨርቁን ሳቡት። ብረቱ ፀሐይዋን መለሰ። ፊደሉን ትንሽ አዩትና ወደ ፈላስፋው ዞሩ።

“አንብብልኝ፣ ልጄ።”

መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፈላስፋው አየው፤ እሳቸውም ማየቱን አዩ። እጃቸውን ግን ወደ መነጽሩ አልሰደዱም።

ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። “ይህ ደን ሰው የጀመረው፣ ወፍ የጨረሰው ነው” ሲል አነበበ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር እውነት ነበረች፤ አንድ ሳምንት ደክሞባታል፤ የሚኮራባት እሷ ብቻ ነበረች። ስለ አሥራ አንዱ ቤተሰብ አነበበ። ስለ ምንጮቹ አነበበ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ።

“ቀጥል።”

“ይህ ካብ የቂም ካብ ይባላል። በዚህ ስፍራ ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። የታናሽየው ሚስት…” መቶ ጊዜ ሰው ፊት ሲጫወትባት የነበረችው ቃል አሁን አፉ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደች። “የታናሽየው ሚስት ነገረኛ…”

ቆመ።

“ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለ፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ። “ከሽማግሌ አልሰማሁም። ፈጠርኩት። ወንድማማቾች አልነበሩም። ሴትዮዋም… እንዲህ አልነበረችም።”

“ምን አለ?” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“ፈጠርኩት ነው ያለው።”

“ምኑን?”

“ታሪኩን።”

“ኧረ ጉድ! እኛ እኮ ስቀናል።”

ኃላፊው ጆሮው ሥር መጥቶ “ምን ነካህ? አሞሃል?” ብሎ ተነፈሰበት። ጀግንነት እንዳልሠራ ያውቃል። ጠዋት ሊናገር ይችል ነበር፣ ወንበር ሲያመጣም ይችል ነበር። አሁን የተናገረው ተጎትቶ፣ አፉ ቢቆምበት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አሁን የሚያሽበት ነገርም የለውም።

ኃላፊው ግን የሹመት ሰው ነውና ቶሎ ራሱን ሰበሰበ። ፊቱን ወደ አሮጊቷ አዙሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። “እናታችን፣ ስለ እግዜር ይቅር ይበሉን። ልጅ ነው፤ አጥፍቷል። ሰሌዳው ነገ ይወርዳል። እርስዎ እውነተኛውን ይንገሩን፤ ቃል በቃል እናስቀርጻለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእናትዎ ስም እዚህ ይጻፋል።” ወደ ፈላስፋው ዞረ። “ምን ታያለህ? ጻፍ እንጂ!”

ፈላስፋው ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩንና እስክሪብቶውን አወጣ። ያን ጊዜ ነው ከሁሉ የከፋው የመጣበት። ፊቱ በሀፍረት እየነደደ፣ ውስጡ ግን ጆሮውን አቁሞ ነበር። አራት ልጆች፣ አንዲት እናት፣ በየማታው አንድ ድንጋይ። ከዚህ የተሻለ ታሪክ ሰምቶ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ራሷ ሳትቀር በሐሳቡ ተሰካክታ ነበር። ሰዎቹ ዝም ብለው ሲሰሙት፣ አንዲት ሴት ዓይኗን ስትጠርግ ታየው።

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ።

ዓይናቸው እስክሪብቶው ላይ ዐረፈ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቱን አዩት፣ ረጅም ጊዜ፣ የወደቀ ነገር የት ቦታ እንደነበረ እንደሚፈልግ ሰው። ምን እንዳዩበት እሱ ያውቃል፤ ለታሪካቸው መጎምጀቱን ነው። እስክሪብቶውን ሊደብቀው ፈለገ፤ ግን እጁ አልታዘዘለትም።

አፋቸውን ገጠሙ።

ሰሌዳውንም፣ ኃላፊውንም፣ የተደረደሩትን ወንበሮችም አልፈው ወደ ካቡ ግርጌ ወረዱ። ጠዋት ከተንበረከኩበት ቦታ ተንበረከኩ። ካቡ ጠበቅ ብሎ ነበርና ሁለት ጊዜ ወዘወዙ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላቀቅ ፍቅፍቅታው እስከ ወንበሮቹ ድረስ ተሰማ። ነጭ መስመር የዞራትን፣ የአንዲት ሕፃን አቅም የምትችላትን ድንጋይ አወጡ። በሹራባቸው ጠረጓት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት፣ ዘጉባት።

“እማማ፣ የፓርኩ ንብረት…” አለ አንድ ጠባቂ ከልማዱ የተነሣ፤ ቲኬት ቆራጯ ከየት እንደመጣች ሳትታይ እጁን ይዛ ዝም አሰኘችው።

“እናታችን!” አለ ኃላፊው። “መኪና እኮ አዘጋጅተናል! በዋናው በር በኩል ነው!”

ዘወር አላሉም። ከኮክ ዛፏ ሥር አልፈው፣ ሁለት ዛፍ የሚያህል ስፋት ይዞ በጎደጎደው መሬት፣ በአሮጌው የጋሪ መንገድ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወረዱ፤ ጥዶቹም ሸፈኗቸው።